የቤት ሶላር ግምገማ፦ ዋናው ገንዘብ ባትሪው ላይ ይውጣ

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገርና ዝርዝሩን ከታች ላስከትል። አዲስ አበባ ውስጥ ግቢ ቤት ላላችሁና መብራት ለሚመላለስባችሁ ሰዎች፣ ባለ 5 ኪሎዋት ኢንቨርተር (የፓኔሉንና የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለቤት ዕቃ ወደሚሆነው የሚቀይረው ሳጥን)፣ 5 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ሊቲየም ባትሪና አራት ፓኔል አሁን ገበያ ላይ ካለው ሁሉ የሚያዋጣው ግዢ ነው። እኛ ቤት አያት አካባቢ ነው የተገጠመው። በጋም ክረምትም አይተንበታል። የሱቁን ስም አልጠራም፣ የዕቃውንም ብራንድ አልጠራም። መርካቶ ብትዞሩ የምታገኙት ዕቃ አብዛኛው ከቻይና የመጣና ተመሳሳይ ነው፤ ልዩነት የሚፈጥረው ባትሪው ውስጥ ያለው ሴልና የገጣሚው እጅ ነው።

መጀመሪያ ስለ ባትሪው፤ ከጠቅላላ ወጪው ግማሽ የሚጠጋውን የበላው እሱ ነውና። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት ነው። ውስጡ 16 ሴሎች ተደርድረው 51.2 ቮልት ይሰጣሉ፣ አቅሙ 100 አምፒር ሰዓት ነው፣ ሁለቱ ሲባዙ 5.12 ኪሎዋት ሰዓት ይመጣል። ከዚህ ውስጥ 80 እና 90 በመቶውን ሳትሳቀቁ መጠቀም ትችላላችሁ። አሲድ ባትሪ ላይ ግን ግማሹን ካለፋችሁ ዕድሜውን እየበላችሁት ነው። ስለዚህ "200 አምፒር አሲድ ባትሪ በርካሽ አለ" የሚላችሁን ሰው ዋጋውን በሁለት አባዙበት፣ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ እንደገና መግዣውን ጨምሩበት። ሊቲየሙ በደንብ ከተያዘ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ተሞልቶ ይራገፋል፤ አሲዱ በጥቂት መቶዎች ያበቃል።

የሚሸከመውን ልንገራችሁ። ማታ ማታ ፍሪጁ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ዋይፋዩ፣ ሁለት ላፕቶፕና የቤቱ አምፖል በሙሉ አብረው ይሠራሉ። ፍሪጁ ለእኛ ቅንጦት አይደለም፤ የእናቴ ኢንሱሊን የሚቀመጠው እዚያ ነው። ይህ ሁሉ ተደምሮ ከ300 እስከ 400 ዋት ነው፤ ፍሪጁ ዕረፍት ሲያደርግ ደግሞ ይወርዳል። መብራት ከምሽቱ 12 ሰዓት ሄዶ ጠዋት ቢመጣም ባትሪው ሌሊቱን ይዘልቃል። ገጣሚው ልጅ ሥራውን ሲጨርስ "እማማ፣ አሁን ከቆጣሪው ላጠፋ ነው" አላት። እናቴ ቴሌቪዥን እያየች ነበር። ትንሽ ጠበቀችና "እሺ፣ አጥፋዋ" አለችው። "ጠፍቷል እኮ እማማ!" ከዋናው መስመር ወደ ባትሪ የሚዞረው ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ነው፤ ዓይን አያየውም፣ የማይክሮዌቩም ሰዓት አይዛባም።

ምጣድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ "እንጀራ ይጋገርበታል ወይ?" ብሎ ነውና በደንብ ልመልስ። ልጁ ሽቦው ላይ የሚታሰረውን አምፒር መለኪያ አምጥቶ የምጣዱን ገመድ ለካ፤ ወደ 16 አምፒር አሳየ። በ220 ቮልት ስታባዙት 3,500 ዋት ይሆናል። ባለ 5 ኪሎዋት ኢንቨርተር ይህን ይችለዋል፤ ባትሪው ግን አንድ ሰዓት ከምናምን ነው የሚቆየው፣ ከዚያ በኋላ ቤቱ ሁሉ ጨለማ ነው። እኛ ምጣዱንና የሻወር ማሞቂያውን ከኢንቨርተሩ ውጪ፣ በቀጥታ ከቆጣሪው ላይ አስቀረናቸው። ይህን ከመጀመሪያው ጠይቁ፤ ብዙ ገጣሚ የቤቱን መስመር በሙሉ ጠቅልሎ ኢንቨርተሩ ላይ ያስገባና ይሄዳል። የግድ በሶላር ልጋግር የሚል ሰው ቀን፣ ጥርት ባለ ፀሐይ፣ ከቀኑ 5 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ይሞክር፤ ያኔ አራቱ ፓኔሎች 2 ኪሎዋት ገደማ ስለሚያመጡ ባትሪው የሚሸፍነው ጉድለቱን ብቻ ነው።

አሁን ወዳናደደኝ ነገር ልምጣ። ከተገጠመ በኋላ ባትሪው እየቀለደብን ነበር፦ ስክሪኑ 70 በመቶ ያሳያል፣ ከዚያ ድንገት ድርግም። ሱቁ ስንደውል "ሎድ አብዝታችሁ ነው" ይለናል። አልነበረም። በመጨረሻ ሌላ ቴክኒሻን መጥቶ የባትሪውን ጎን ከፈተና አንዲት ባዶ ሶኬት አሳየን። ባትሪውን ከኢንቨርተሩ ጋር የምታነጋግረው የዳታ ገመድ ከነላስቲኳ ካርቶኑ ውስጥ ቀርታለች! ሊቲየም ባትሪ ሙሉ ሲሆንም ሊያልቅ ሲቃረብም ቮልቴጁ ብዙም አይለዋወጥም፤ ስለዚህ ኢንቨርተሩ በቮልቴጅ ብቻ ልገምት ካለ ይሳሳታል። ትክክለኛውን መጠን የሚያውቀው ባትሪው ውስጥ ያለው ተቆጣጣሪ ሰሌዳ ነው፣ ቢኤምኤስ የሚሉት። ገመዷ ተሰካች፣ ሴቲንጉ ላይ የባትሪው ዓይነት ከአሲድ ወደ ሊቲየም ተቀየረ፣ ችግሩም በዚያው ቆመ። ሰው ይህን ያህል ገንዘብ አውጥቶ በአንዲት ገመድ ምክንያት "ሶላር አይረባም" ብሎ ሲያማርር ያሳዝነኛል። ገጣሚው ከቤታችሁ ሳይወጣ ያቺን ገመድ አሳየኝ በሉት።

ሁለተኛዋ ሴቲንግ የመግቢያ ቮልቴጁ ናት። ምሽት ላይ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ምድጃ ሲለኩስ የመስመሩ ቮልቴጅ 160 ድረስ ይወርዳል። ኢንቨርተሩ "ዩፒኤስ" የሚለው ላይ ከተተወ ከ170 በታች ያለውን መብራት እንደሌለ ይቆጥርና ወደ ባትሪ ይዞራል። መብራት እያለ ባትሪያችሁ ያልቃል ማለት ነው። "አፕላያንስ" የሚለው ላይ ሲደረግ እስከ 90 ቮልት ድረስ ይቀበላል፤ ይህ ደግሞ ለፍሪጅ ሞተር ጥሩ አይደለም። እኛ ዩፒኤሱ ላይ ትተን ባትሪው ማታ እንዲሠራ ፈቀድንለት። ስታቢላይዘር ያለው ሰው ሌላኛውን ይምረጥ።

ፓኔሎቹ ላይ ብዙ የምለው የለኝም፣ ይሠራሉ። አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ፓኔል ደግሞ ሙቀት ሲበዛበት ምርቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ የእኛ አየር ይስማማዋል። በጋ ላይ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ባትሪው ይሞላና የተረፈው ፀሐይ ሥራ ፈት ይሆናል። ክረምት ላይ ግን፣ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ፣ ምርቱ በግማሽ ሊወርድ ይችላል፤ ደመናው ተከታትሎ ሲከብድ ባትሪው ሳይሞላ የሚመሽበት ቀን አለ፣ ያን ጊዜ ከመስመሩ እንሞላዋለን። ሻጭ "ክረምት ከበጋ እኩል ነው" ካላችሁ አትመኑት። አቧራውን በጋ ላይ ማለዳ፣ መስታወቱ ሳይግል፣ በውሃና በጨርቅ ጥረጉት። ቆርቆሮው የሚበሳበት ቦታ ላይ ጎማና ሲሊኮን መግባቱን ከሥር ሆናችሁ እዩ፤ የፓኔል ጥፋት የሚባለው አብዛኛው የጣሪያ ፍሳሽ ከዚያች ቀዳዳ ነው የሚመጣው።

አንድ ነገር ላይ ግን አጥብቄ እለምናለሁ። ከፓኔሉ የሚመጣው ኤሌክትሪክ ዲሲ ነው፣ እንደ ቤት መብራት ሳይመላለስ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ፤ ለእሱ የሚሆነው ብሬከርም ዲሲ ተብሎ የተሠራው ብቻ ነው። ለቤት መብራት የሚሸጠውን ተራ ብሬከር የሚያስገቡ አሉ፤ ቢቋረጥም የዲሲው ብልጭታ ቶሎ አይጠፋም፣ ቤት ሊያቃጥል ይችላል። መሬት የሚቀበረው የኧርዝ ዘንግም አይዘለል። የመብረቅ አገር ነው ያለነው።

ዋጋው ውድ ነው፣ አልደብቅም። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ጨምሯል። ቢሆንም በዶላር ካሰባችሁት ባትሪ እንዲህ ረክሶ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2010 አንድ ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ የሊቲየም ባትሪ ጥቅል በዓለም አማካይ ዋጋ ከ1,000 ዶላር በላይ ነበር፤ በ2024 115 ዶላር ገደማ ደረሰ። ይህ የፋብሪካ ዋጋ ነው፤ እኛ ጋ ማጓጓዣው፣ ቀረጡና የነጋዴው ትርፍ ይጨመርበታል። የቤታችን ሳጥን ሊኖር የቻለው ግን በዚያ መውረድ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልውጣ፣ ነገሩ ከቤታችን ይሰፋልና። ፀሐይ የምትሰጠው ቀን ነው፣ ሰው መብራት አብዝቶ የሚፈልገው ምሽት ነው። ሶላርን ለብዙ ዓመት የያዘው ይህ ክፍተት ነበር። ካሊፎርኒያ ባትሪዎቿን ቀን በፀሐይ እየሞላች ጀንበር ስትጠልቅ ወደ መስመሩ መልቀቅ ጀመረች፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የባትሪዋ ጉልበት ከ10,000 ሜጋዋት አለፈ፣ ለጥቂት ሰዓት ከሕዳሴ ግድብ ሙሉ ጉልበት ወደ እጥፍ የሚጠጋ ማለት ነው። ፓኪስታን ውስጥ ደግሞ ሰው መንግሥትን አልጠበቀም። የመብራት ዋጋ ሲበዛበት በ2024 ብቻ ወደ 17 ጊጋዋት የሚጠጋ ፓኔል ከቻይና አስገብቶ ጣሪያው ላይ ሰቀለ። አቅም ያለው ከመስመሩ ሲወጣ የቆየው ዕዳና የጣቢያዎቹ ወጪ አቅም በሌለው ላይ መውደቅ ጀመረ። ይህ እኛም አገር እንዳይደገም እፈራለሁ። እዚህም በመስከረም 2017 የተጀመረው የታሪፍ ማሻሻያ ለአራት ዓመት ደረጃ በደረጃ የሚጨምር ነው።

የእኛ ነገር ከሁለቱም ይለያል። ሕዳሴ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል፣ 5,150 ሜጋዋት። ከምናመነጨው ከ90 በመቶ በላዩ ውሃ ነው። እኛ ቤት መብራት የሚጠፋው ግን ብዙውን ጊዜ ኃይል አንሶ አይደለም፤ ትራንስፎርመሩ ተቃጥሎ፣ ምሰሶው ወድቆ፣ መስመሩ አርጅቶ ነው። አባይ ላይ የተጠራቀመው ውሃ በወደቀ ምሰሶ በኩል ቤታችን አይደርስም። የቤት ባትሪ የሚሞላው ይህችን የመጨረሻዋን ኪሎሜትር ነው። በአገር ደረጃም ቢታሰብ፣ ቀን ቀን በሶላር ተሠርቶ ውሃው ግድብ ውስጥ ለምሽት ቢቆይ፣ ግድቡ ራሱ ትልቁ ባትሪያችን ነበር፤ ለድርቅ ዓመትም መጠባበቂያ ይሆናል። በጋ ላይ ጣሪያችን ላይ የሚባክነውን ትርፍም ወደ ሰፈሩ መስመር የማስገባበት ውል ቢኖረኝ ዛሬ ነበር የምፈርመው።

ልትገዙ ስትሄዱ ባትሪውን አንሱት። 5 ኪሎዋት ሰዓት ሊቲየም ከ40 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ አንድ ሰው በቀላሉ ብድግ የሚያደርገው ከሆነ ውስጡ የተጻፈበትን ያህል የለም። አሮጌ ሴል በአዲስ ሳጥን አሽገው የሚሸጡም ስላሉ ፈትኑት፦ ሙሉ አድርጋችሁ 1,000 ዋት የሚጎትት ነገር ሰክታችሁ ሰዓት ያዙ፤ ከአራት ሰዓት በላይ ካልሄደ መልሱት። ዋስትናውን በወረቀት፣ የሴሪያል ቁጥሩ ተጽፎበት፣ ከማኅተም ጋር ተቀበሉ።

ኮንዶሚኒየም ያላችሁ ጣሪያው የጋራ ስለሆነ ፓኔሉን ተዉትና ኢንቨርተሩንና ባትሪውን ብቻ ግዙ። መብራት ሲኖር ከመስመሩ ይሞላል፣ ሲሄድ ይሠራል። ታናሽ እህቴ ጀሞ ቤቷ በግማሽ አቅም፣ 2.5 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ እንዲህ አስገጥማለች፤ ፍሪጅ፣ መብራትና ዋይፋይ እስከ እኩለ ሌሊት ይዞላታል። ፓኔል ያላስፈለገው ስለሆነ ወጪው በጣም ይቀንሳል፣ ቤት ስትቀይሩም ነቅላችሁ ትሄዳላችሁ።