ሐዋሳ ላይ ቀጭኑን ላፕቶፕ ትተን አሮጌውን አሳደስን

ከውጭ ለእረፍት ሐዋሳ የሄደ ሰው ሁሉ የሚጽፈው ስለ አሞራ ገደል ዓሣ ነው። ዓሣው አሁንም ይጣፍጣል፣ በዚህ እንለፈው። የኔ ወሬ ስለ ላፕቶፕ ቤቶቹ ነው።

የእህቴ ልጅ እዚያው ዩኒቨርሲቲ አካውንቲንግ ትማራለች። ያላት ቲንክፓድ ቲ480 የ2018 ሞዴል ነው፤ እስኪከፈት ቡና ተቆልቶ አቦል ይደርሳል። «አጎቴ፣ ቀጭን ግዛልኝ» አለችኝ።

ፒያሳ አካባቢ አንድ መሸጫ ገባን። መስተንግዶው ሌላ ነው፣ ወንበርም ውሃም ቀረበልን። ላፕቶፑም ያምራል፣ አይካድም። ራሙ (ማሽኑ ሲሠራ የከፈትከውን የሚይዝበት ጊዜያዊ ማህደር) 8 ጂቢ ስለሆነ በኋላ ይጨመራል ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ሻጩ «ምን ችግር አለው ጋሼ!» አለ፣ ሳያቅማማ። ሞዴሉን ስልኬ ላይ ሳየው ራሙ ማዘርቦርዱ፣ ማለትም ዋናው ሰሌዳ ላይ የተበየደ ነው፣ ልክ እንደ ማክቡክ ኤር፤ ሲገዛ የያዘውን ይዞ ይኖራል። በዋጋው እንኳ አልተናደድኩም፣ በዚህ ግን ተናደድኩ።

ከዚያ መናኸሪያ አካባቢ ወዳለች ጠባብ ጥገና ቤት ሄድን። ወንበር የለም፣ ቆመህ ነው። ልጁ ግን ማሽኑን እፊታችን ፈትቶ «ጋሼ፣ ይሄ ጤነኛ ነው፣ ያንቀራፈፈው ሃርድ ዲስኩ ነው» አለ። በጣም በሚፈጥነው የፋይል ማከማቻ፣ በኤስኤስዲ ቀየረው፣ ባዶ በነበረው ሁለተኛ የራም ቦታ 8 ጂቢ ጨምሮ 16 አደረሰው፣ አቧራውን ነፋ፣ ፋይሎቿንም አዛወረላት። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ በፈረንጆቹ ጥቅምት 2025 ስላበቃ 11ን ጫነላት። ፕሮሰሰሩ 8ኛ ትውልድ ኢንቴል ስለሆነ ያለ ምንም ዘዴ ተቀበለው። ከዚያ በታች ያላችሁ ግን ረጋ ብላችሁ አስቡበት፣ አብዛኞቹን ማይክሮሶፍት አይደግፍም።

ደግሞ ቲ480 ባትሪው ሁለት ነው፣ አንዱ ውስጥ፣ አንዱ ከኋላ የሚነቀል። መብራት ሲጠፋ የኋላውን ነቅለህ ሌላ ብትሰካ ማሽኑ አይጠፋም፣ የውስጡ ይዞ ያቆየዋል። የትኛው ቀጭን ይሄን ያደርጋል?

ክብደቱ ግን ያው ነው፣ ስክሪኑም ደብዛዛ። ቀኑን ሙሉ ተሸክሞት ለሚዞር ሰው ቀጭኑን ግዛ እለዋለሁ፣ ራሙን ከመጀመሪያው 16 አድርጎ።

በጥገና ቤቱ አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ለኤስኤስዲው የሰጠን ዋስትና የአፍ ብቻ ነው። ወረቀት ስጠኝ ስለው ሳቀ። ሳቁን ችላ ብላችሁ አስጽፉ።