የሮይስን አበቦች ለግድግዳ፦ ወረቀት፣ ሸራ ወይስ የእጅ ቅጂ?

«በእጅ የተሣለ ነው» ሲባል ብዙ ሰው ሳይከራከር ይከፍላል። የሮይስን የአበቦች ሥዕል ቅጂ ግድግዳ ላይ ለመስቀል ግን ወረቀት ላይ የታተመው ይሻላል፤ ዋጋውም ይቀንሳል።

ሆላንዳዊቷ ራኸል ሮይስ እብነ በረድ ላይ የተቀመጡትን አበቦች የሣለችው በ1716 ነው፤ ሥዕሉ 48.5 በ39.5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ «ትልቅ ላድርግልህ» የሚል ነጋዴ የሚያተልቀው ሂሳቡን ነው። የአምስተርዳሙ ራይክስሙዚየም ምስሉን በነጻ ያስወርዳል፤ ለፋይል ሳንቲም አትክፈሉ። በልኩ ጥርት ብሎ እንዲታተም 4,700 በ5,750 ፒክስል ይበቃል።

ሸራ ላይ ሲታተም ጨርቁ በእንጨቱ ጠርዝ ስለሚታጠፍ በየጎኑ 5 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ይበላል። ማተሚያ ቤቱ በካሬ ሜትር ካስከፈለ፣ 0.19 የነበረው 0.29 ሆነ ማለት ነው። ወረቀት ጠባብ ነጭ ጠርዝ ተትቶለት በ0.23 ያልቃል። በዚያ ላይ የጨርቁ ድርና ማግ ሥዕሉ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ነፍሳት ይውጣቸዋል። ሸራው ሲረግብም፣ እንጨቱ ማዕዘኑ ላይ ሽብልቅ ገብቶ የሚወጥርበት ቀዳዳ ከሌለው ጨርቁ ተነቅሎ እንደገና መመታት አለበት።

የእጅ ቅጂ ትልቁ ወጥመድ ነው። አንዳንዱ ሕትመት ሆኖ ላዩ ላይ ወፍራም ግልጽ ሙጫ በብሩሽ የተቀባበት ነው። በአጉሊ መነጽር ተመልከቱት፦ የብሩሹ ሰንበር በቅጠሉ ጠርዝ ላይ ሳይታጠፍ ዝም ብሎ ያልፋል፤ ሥሩም የማተሚያ ነጠብጣብ ይታያል። እውነተኛው የዘይት ቅጂም ቢሆን ችኮላ አይወድም። ሥሩ ሳይደርቅ ቫርኒሽ (ግልጽ መከላከያ ቅብ) ከተቀባ ይሰነጠቃል፤ የተለመደው ጥበቃ ስድስት ወር ገደማ ነው። ሰንጥቁን ማስጠገን ደግሞ ሌላ ወጪ።

ወረቀት ስትመርጡ ጥጥ ይሁን፤ ቀለሙም ፒግመንት (የማይሟሟ ደቃቅ የቀለም ዱቄት ያለበት) መሆኑን ጠይቁ፣ ሌላውን ቀለም ብርሃን ቶሎ ያደበዝዘዋል። ከአበቦቹ ኋላ ያለው ጨለማ ስለሆነ ፈዛዛ (የማያንጸባርቅ) ወረቀት ላይ ጥላ ውስጥ ያሉት ቅጠሎች አንድ ጥቁር ጉድፍ ይሆናሉ። ከፊል አንጸባራቂውን ውሰዱ፤ መጀመሪያ ግን ጥላ ያለበትን ጥግ ብቻ 10 ሳንቲ ሜትር አሳትማችሁ በቀን ብርሃን እዩት።

ከሸራው የተረፈውን ገንዘብ መስታወቱ ላይ አውሉት። መስታወቱ ወረቀቱን እንዳይነካ መሃሉ ላይ ወፍራም የካርቶን ክፈፍ ይግባ፤ እርጥበት ካገኛቸው ይጣበቃሉ። ፍሬም ሠሪው አራቱንም ጎን በማስቲሽ ሊለጥፍ ካሰበ አስቁሙት፦ ወረቀት በእርጥበት ይለጠጣል፣ መውጫ ሲያጣ ይጎብጣል። ከላይ ሁለት ቦታ ብቻ ይያዝ።