ተጠባባቂ ለሆናችሁ ሁሉ፦ ጥቁር አንበሳ አጠገብ ያለችው ኮፒ ቤት

ልጃችሁ ወይም ወንድማችሁ ሕክምና ለመማር አመልክቶ ስሙ ተጠባባቂ ዝርዝር ላይ ከወጣ፣ ሌላ ቦታ ከመሮጣችሁ በፊት እዚህች ኮፒ ቤት ግቡ። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አካባቢ ናት። ለትግላችን ሐውልት ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ወደ ውስጥ የሚገባውን ጠባብ መንገድ ያዙ። በሩ ላይ ስም የለም። «ኮፒ፣ ፕሪንት፣ ስካን፣ ጽሕፈት» ይላል፣ በቃ።

ወንድሜ የ12ኛ ክፍል ፈተና የወሰደው በ2015 ዓ.ም. ነው። የዚያ ዓመት ውጤት የማይረሳ ነው። ከተፈተኑት ውስጥ 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። እሱ ከነሱ አንዱ ነው። መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ ፍሬሽማን ጨረሰ፣ ዲፓርትመንት ሲደለደል ግን ሕክምና ለጥቂት አመለጠው። ከልጅነቱ ጀምሮ ሌላ ነገር ተመኝቶ አያውቅም። አዲስ አበባ ያለ አንድ የግል ሕክምና ኮሌጅ ተፈተነና ተጠባባቂ ሆነ።

ብዙ ሰው ተጠባባቂ ማለት ቁጭ ብሎ ስልክ መጠበቅ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ ነው። ዋናው ዝርዝር ላይ ካሉት አንዳንዶቹ ሌላ ቦታ ደርሷቸው ይቀራሉ። የምዝገባው ቀን ሲያልፍ ሬጅስትራር ከተጠባባቂው ላይ በውጤት ቅደም ተከተል ይደውላል። የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው። ስልክ ያላነሳ ወይም ወረቀቱ ያልተሟላ ይታለፋል፣ ወደሚቀጥለው ይኬዳል። እኛ ጋ የተደወለው ከሰዓት በኋላ ነበር። «እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ዋናውንና ኮፒውን ይዛችሁ ኑ» ተባልን። የዚህ ዓይነት ቀጠሮ ለአዲስ አበባ ልጅም ይከብዳል። ከክፍለ ሀገር ለሚመጣ ልጅማ ግፍ ነው። ኮሌጆቹ ይህን ቢያስተካክሉት ደስ ይለኛል።

እኛ ግን ሁሉም ነገር በአንድ ፎልደር ተዘጋጅቶ ነበር። ያዘጋጀችን የኮፒ ቤቷ ባለቤት ናት።

መጀመሪያ የሄድኩት የ12ኛ ክፍል ውጤቱን ኮፒ ላስደርግ ብቻ ነበር። ወረቀቱን አየችና «ለምንድነው የኔ እናት?» አለችኝ። ነገርኳት። «ተጠባባቂ ነው? እንግዲያው አንድ ወረቀት አይበቃሽም» ብላ እስክሪብቶ አነሳች። ዓመታት ሙሉ የሕክምና ተማሪዎች ሲመላለሱባት ምን እንደሚጠየቅ በቃሏ ታውቀዋለች። የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ፣ ከ9 እስከ 12 ትራንስክሪፕት፣ የፍሬሽማን ውጤት፣ ክሊራንስ (ከነበረበት ዩኒቨርሲቲ የመልቀቂያ ወረቀት)፣ የልደት ሰርተፊኬት፣ ፋይዳ፣ ጉርድ ፎቶ። «ኦፊሻሉን ጠየቃችሁ?» አለችኝ ቀጥላ። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት በእጅ የሚሰጥ ነገር አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲው አሽጎ ለኮሌጁ ይልካል፣ ጊዜም ይወስዳል። ሳይደወል በፊት ይጠየቅ ያለችን እሷ ናት። በማግስቱ ወንድሜ ጠየቀ።

ስካን ስታደርግ ቆሜ አየኋት። የሚኒስትሪ ካርዱ አራት ቦታ ታጥፎ የኖረ፣ ስስ ወረቀት ነው። ከጀርባው የተጻፈው ወደ ፊት ያሳያል። ከመሳቢያዋ ጥቁር ወረቀት አወጣችና ከላዩ ደርባ ክዳኑን ከደነችው። የጀርባው ጽሑፍ ጠፋ። ማኅተሙ ግን ደብዝዞ ወጣ። አልወደደችውም። በከለር ደግማ፣ ብርሃኑን ቀንሳ፣ ሐምራዊው ክብ ከነፊደሉ እስኪነበብ ድረስ አልለቀቀችውም። «ማኅተም የማይነበብበት ኮፒ ይመለስብሻል» አለችኝ። ከዚያ ፋይሉን አሳንሳ በወንድሜ ስምና በወረቀቱ ዓይነት ሰይማ በቴሌግራም ላከችልኝ።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ይሄ ነው። ዋናውን ላሚኔት አድርጊልኝ ብላት እምቢ አለች። ማሽኑ አጠገቧ አለ፣ ብሩም ለሷ ነበር። አንዳንድ ቢሮ ወረቀቱን በእጁ ዳብሶ፣ የማኅተሙን እብጠት አይቶ ነው የሚያረጋግጠው፤ ፕላስቲክ ከገባ በኋላ ይህ አይቻልም። የክላሰር ኪስ ሸጠችልኝ። ገበያዋን ትታ የሰው ወረቀት የምታድን ሴት ማክበር አለብን።

አንድ ነገር ደግሞ አስጠነቀቀችኝ። ተጠባባቂ ወረፋ አስቀድማለሁ የሚል ደላላ ከመጣ ጆሮ እንዳትሰጪ አለችኝ። እኔም እጨምራለሁ፦ ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ኮሌጁ ለሕክምና ትምህርት ፈቃድ እንዳለው ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አጣሩ። ፈቃድ የሚሰጠው በትምህርት ዘርፍ ተለይቶ ነው። ነርሲንግ ተፈቀደለት ማለት ሕክምና ተፈቀደለት ማለት አይደለም።

ጉድለቷን ልንገራችሁ። ጠዋት ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ አትሞክሩት። የታካሚ ቤተሰቦች የሪፈር ወረቀትና የጤና መድኅን መታወቂያ ኮፒ ለማስደረግ ይሰለፋሉ። እሷም እነሱን ታስቀድማለች። እኔ በዚህ አልተከፋሁም፤ ውስጥ የተኛ ሰው ያለው ሰው ይቅደም። ግን ወንበር የለም፣ ጠባብ ናት፣ አንድ ማሽን ብቻ ነው ያላት። መብራት ሲጠፋ ሥራ ይቆማል። ወንድሜ ሊመዘገብ በሚሄድበት ጠዋት ጠፍቶ ነበር፤ ኮፒው ቀድሞ ባይሠራ ኖሮ ምን እንደምንሆን አላውቅም።

ዋጋዋ ከአካባቢው አይበልጥም። ለምክሩ ደግሞ ምንም አታስከፍልም። ቴሌብር ትቀበላለች።

ወንድሜ አራት ሰዓት ሳይሞላ ተመዘገበ። ሬጅስትራሯ ፎልደሩን ገልጣ ወረቀቶቹን በየተራ አየች፣ ምንም አልጎደለም። ከሱ በፊት የተጠራ ልጅ ክሊራንስ ጎድሎት በሩ ላይ ስልክ ሲደውል ነበር። እስካሁን ያ ልጅ ከሐሳቤ አልወጣም። ይህን የምጽፈውም ለሱ ዓይነቶቹ ነው።

ከሰኞ እስከ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምራችሁ ብትሄዱ ፋታ አላት። ቅዳሜ እስከ ሰባት ሰዓት ትሠራለች፣ እሑድ ዝግ ነው። ዋናውን ወረቀት ሳታጥፉ ይዛችሁ ሂዱ፣ ተጠባባቂ መሆናችሁንም ንገሯት።