ባነር ላይ የታተመ ትልቅ የንባብ መጽሐፍ፦ ደሴ ላይ አሳትሜ ክፍሌ ውስጥ ያየሁት

ደሴ ውስጥ አንደኛ ክፍል አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼ ከስድሳ በላይ ናቸው። ፒያሳ አካባቢ አንድ ማተሚያ ቤት በባነር ያሳተምኩትን ትልቅ መጽሐፍ አይተው «ይጠቅማል ወይ?» የሚሉኝ መምህራን ስለበዙ በዝርዝር ልጻፈው። በጣም ይጠቅማል፤ ግን ፊደሉ ላይ ጠንቀቅ በሉ።

መጽሐፉ ስምንት ገጽ ነው። አንዱ ገጽ 60 በ84 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ሁሉም ተደምሮ አራት ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ባነር ደግሞ የሚከፈለው በካሬ ነው። ታሪኩን ራሴ ጻፍኩት፤ የጠፋች ዶሮ ፍለጋ ነው። በየገጹ «ዶሮዋ የት ሄደች? ሰኞ ገበያ ሄደች!» የሚለው ይመላለሳል። ሥዕሉን አንድ ባልደረባዬ ሣለልኝ።

መጀመሪያ የታተመው አልሆነም፤ ፊደሉ ቀጭን ነበር። የእኛ ፊደል ቤቱን የሚለየው በትንሽ ቅጥያ ነው። ቡ ቅጥያዋ ወገቧ ላይ ናት፣ ቢ ደግሞ እግሯ ሥር። ፊደሉ ከቀጠነ ኋላ ለተቀመጠ ልጅ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ «ቡና»ን «ቢና» ብሎ ባነበበው ልጅ አልፈርድም። መልሼ ስወስደው ወጣቱ ሠራተኛ «አብሽሪ ቲቸር» ብሎ ያለምንም ክርክር በወፍራም ፊደል አተመልኝ። የፊደሉን ቁመት አምስት ሴንቲ ሜትር አስደረግኩ፤ በቃላት መካከልም ሰፋ ያለ ክፍተት እንዲተው አደረግኩ፤ ልጁ አንዱ ቃል የት እንዳለቀ በዓይኑ እንዲያየው።

ባነሩ ያብረቀርቃል፤ ይሄ ዋናው ጉድለቱ ነው። ጠዋት ጭጋጉ ሲገፈፍ ፀሐይ በመስኮት ገብታ ገጹ ላይ ታርፋለች፣ በአንድ ወገን ያሉት ልጆች ምንም አያዩም። የማያብረቀርቅ ካላቸው እሱን ጠይቁ። በተረፈ እርጥበት አይፈራም፣ ሲቆሽሽ በእርጥብ ጨርቅ ይጸዳል፤ በካኪ ወረቀት የሠራሁት ግን ተሸብሽቦ ነበር። ባነሩ ጠርዝ ላይ ባሉት ቀለበቶች ሲባጎ አስገብቼ ከሰሌዳው በላይ ሰቅዬዋለሁ።

መምህርና ተማሪዎች አንድ ትልቅ መጽሐፍ እያዩ አብረው የሚያነቡበትን ዘዴ፣ የጋራ ንባብን፣ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስፋፋው ዶን ሆልዳዌይ የተባለ የኒውዚላንድ መምህር ነው። መነሻው ቤት ውስጥ ከወላጁ ጎን ተቀምጦ መጽሐፉን እያየ የሚሰማ ልጅ ነው፤ ያንን ለሙሉ ክፍል ለማድረስ መጽሐፉን ማተለቅ አስፈለገ። ስድሳ ልጅ የየራሱን መማሪያ መጽሐፍ ሲይዝ ግማሹ ሌላ ገጽ ላይ ነው። እዚህ ግን ሁሉም ዓይን አንድ ቃል ላይ ነው።

እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሥዕሉን አሳይቼ «ዶሮዋ ምን የሆነች ይመስላችኋል?» እላቸዋለሁ፤ ከዚያ ዘንጌን ከቃሉ ሥር እያስኬድኩ ብቻዬን አነባለሁ። በማግስቱ የሚመላለሰውን አብረውኝ ይላሉ፤ ሳልጠራቸው ራሳቸው ይገባሉ። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል በወረቀት እሸፍንና የመጀመሪያውን ፊደል ብቻ ገልጬ አስገምታቸዋለሁ። ክፍሉ የሚሞቀው ያኔ ነው። ጽሑፋችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይም፤ ልጁ ያንን የሚያገኘው ከሚሰማው ድምፅ ነው፣ ስለዚህ መምህሩ አጣርቶ ማንበብ አለበት።

አደጋው መሸምደድ ነው። ጣሪያ እያየ ታሪኩን ሙሉ የሚወጣው ልጅ አለኝ፤ ሀሁንም እንደዚያው በዜማ ይወጣዋል። ለዚህ ብዬ አረፍተ ነገሮቹን በካርቶን ቁራጭ ጽፌ፣ ቃላቱን ቆራርጬ አደባልቄ እሰጠዋለሁ። ማን እንደሚያነብ ማን እንደሚያስታውስ ወዲያው ይለያል። የጋራ ንባብ ፊደል ማስተማርን አይተካም፤ የፊደል ክፍለ ጊዜዬን አልቀነስኩም፣ እናንተም አትቀንሱ። ግን ድምፃቸው የማይሰማ ልጆች ከብዙኃኑ ጋር ሆነው አፋቸውን ሲፈቱ ያየሁት በዚህ ነው፤ ይህንን በሌላ ዘዴ አላገኘሁም።

ልታሳትሙ ከሆነ ስምንቱንም ገጽ ከማዘዛችሁ በፊት አንዱን ብቻ አሳትሙ። ክፍላችሁ ውስጥ ስቀሉትና መጨረሻው ዴስክ ላይ ተቀምጣችሁ፣ በልጅ ቁመት ዝቅ ብላችሁ አንብቡት። «ቡ» እና «ቢ» ካልተለዩላችሁ መልሱት።