ምናለሽ ተራ፦ ለድሮ ማሲ ፈርጉሰን ብሎን ለምትፈልጉ

እሺ ይሄን የምጽፈው እንደኔ ላበዱ ሰዎች ነው፣ አሮጌ ትራክተር ግቢያቸው ውስጥ ቆሞ «ኧረ ለብረት ሽጠው» የሚላቸውን ዘመድ ሁሉ እምቢ ብለው ልጠግነው ብለው ለተነሱ። ሶስት ወር ሙሉ ብሎንና ዳዶ ፍለጋ አዲስ አበባን ዞሬያታለሁ፣ ሶማሌ ተራ ገብቻለሁ፣ መደርደሪያው ሁሉ መስታወት የሆነ ያማረ ሱቅ ገብቻለሁ፣ መጨረሻ ላይ የተገላገልኩት ምናለሽ ተራ ነው። ሌሎቹንም እግረ መንገዴን እነካካቸዋለሁ።

ትራክተሩ ማሲ ፈርጉሰን 135 ነው። እንግሊዝ አገር ኮቨንትሪ የተሰራ፣ ባለ ሶስት ሲሊንደር ፐርኪንስ ናፍታ ሞተር። ሞዴሉ የተመረተው በፈረንጅ ከ1964 እስከ 1975 ሲሆን የኛው የ1971 ነው። አባቴ አርሲ የመንግስት እርሻ ላይ ኦፐሬተር ነበር፣ ደርግ ከወደቀ በኋላ ጨረታ ሲወጣ ጎማ የሌለውን ድንጋይ ላይ የቆመውን ገዝቶ መጣ፣ እናቴ እስከዛሬ አልረሳችለትም። ከዛ በፊት የማን እንደነበር አይታወቅም። የአሰላ ልጆች ታውቃላችሁ፣ በኛ አቆጣጠር በ60ዎቹ መጀመሪያ ስዊድኖቹ የሚያግዙት ካዱ የሚባለው የእርሻ ልማት ድርጅት ጭላሎ ላይ ስራ ሲጀምር ትራክተርም እየበዛ መጣና ባለመሬቱ ጭሰኛውን እያስነሳ በማሽን ማረስ ያዘ፣ በ67 የመሬት አዋጁ ሲታወጅ ደግሞ መሬቱም ማሽኑም ከእጁ ወጣ፣ ይሄኛውም በዛው መንገድ ሳይመጣ አይቀርም። አባቴ ግን ይሄን ታሪክ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም፣ እሱ የሚያወራው ስለ ፍሪሲዮኑ ነው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ሃምሳ ዓመት ሙሉ የነካው መካኒክ ሁሉ ያገኘውን ብሎን ነው የከተተበት። ፓራፋንጎው በጃፓን መኪና ብሎን፣ የእግር መርገጫው በቻይና ሞተር ሳይክል ብሎን፣ የኮፈኑ ማጠፊያ ደግሞ በሽቦ። አባቴ 78 ዓመቱ ነው፣ ዓይኑ ደክሟል፣ ግን አንድ ቀን ሞተሩን ተደግፎ ቆሞ በአውራ ጣቱ የብሎኖቹን ጭንቅላት አንድ በአንድ እየዳሰሰ «ይሄ የኛ ነው፣ ይሄ የኛ ነው፣ ይሄ አይደለም» ሲል ሰማሁት። በቃ እዛ ላይ ነው ነገሩ የገባብኝ። ሁሉም ብሎን ከትራክተሩ እኩል የተወለደ መሆን አለበት ብዬ ተነሳሁ።

ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ፣ ማሲው ሙሉ በሙሉ ኢንች ነው። እኛ አገር ደግሞ ሱቅ ውስጥ የምታገኙት ከመቶ ዘጠናው ሚሊ ነው፣ ፊያቱ ሚሊ፣ ቶዮታው ሚሊ፣ ቻይናው ሚሊ። አሳሳቹ ነገር አንዳንዱ መግጠሙ ነው። ግማሽ ኢንች ብሎን ጭንቅላቱ 3/4 ስለሆነ 19 ቁልፍ ቁጭ ይልበታል። 3/8 ብሎን ላይ ስትመጡ ግን ጭንቅላቱ 9/16 ነው፣ ማለት 14.29 ሚሊ፣ 14 ቁልፍ አይገባም፣ 15 ደግሞ ይንሸራተታል፣ ስለዚህ ባለ 15ቱ መካኒክ ጠርዙን ድቡልቡል አድርጎት ይሄዳል። ከዛ ቀጣዩ መካኒክ በመሮ ይነቅለዋል። ከዛ ሶስተኛው በ10 ሚሊ ጥርስ ማውጫ ቀዳዳውን ይጎረጉረዋል፣ እሱም ደግሞ የሚሳካለት ይመስላል ምክንያቱም 3/8 ዩኤንሲ (ሸካራው የኢንች ጥርስ) በኢንች 16 ጥርስ ነው፣ ከጥርስ ጥርስ 1.59 ሚሊ፣ የ10ሩ ደግሞ 1.5 ነው፣ ይቀራረባሉ። ታሪኩ ይሄ ነው፣ የኛ ማሲ ላይ ሶስቱም ደረጃ አለ።

መጀመሪያ የሄድኩት ወደ መስታወቱ ሱቅ ነው። ስሙን አልጠራም፣ ሰፈሩንም አልናገርም። ልጁ ትሁት ነው፣ ኮምፒውተር አለው፣ ደረሰኝ ይቆርጣል፣ «ግማሽ ኢንች አለህ?» ስለው «ሞልቷል ወንድሜ» ብሎ በዚንክ የነጣ፣ እንደ አዲስ ሳንቲም የሚያብረቀርቅ 24 ፍሬ ቆጥሮ ሰጠኝ። ጥርሱ ምን ዓይነት ነው ስለው «ግማሽ ኢንች ግማሽ ኢንች ነው፣ ሌላ ምን አለው» አለኝ፣ እኔም አምኜ ይዤ 175 ኪሎ ሜትር ነድቼ አሰላ ገባሁ። ከትራንስሚሽኑ ጎን ያለው ቀዳዳ ላይ በእጄ ሳዞረው አንድ ዙር ገባ፣ ሁለት ዙር ገባ፣ ሶስተኛው ላይ ቀጥ። ዘይት ቀባሁት፣ ቀጥ። ለካ የሰጠኝ ዊትዎርዝ የሚባለውን የድሮውን የእንግሊዝ ጥርስ ነው። ግማሽ ኢንች ዊትዎርዝ በኢንች 12 ጥርስ ነው፣ የትራክተሩ ቀዳዳ ደግሞ ዩኤንሲ 13 ጥርስ፣ የጥርሱም ሹለት 55 ዲግሪና 60 ዲግሪ ነው ልዩነቱ። በጉልበት ቢዞር ቀዳዳውን ይበላዋል፣ ያ ደግሞ ብሎን አይደለም፣ የማሲው አካል ነው። ስመልሰው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ግድግዳው ላይ አሳየኝ። ወረቀቱ መጀመሪያም ነበረ፣ እሱስ ልክ ነው። ከአምስት አንድ ኮከብ፣ እሷም ለትህትናው።

ሶማሌ ተራ ለመኪና ነው፣ ለኛ ጉዳይ ብዙም አይሆንም። ግን እዛ አንድ ጎበዝ ልጅ «አንተ የምትፈልገው የዶዘር ዕቃ የሚሸጡ ሰዎችን ነው» አለኝ፣ ልክም ነበር፣ የድሮ ካተርፒላር ኢንች ስለሆነ እነሱ ጋር ዩኤንሲም ዩኤንኤፍም (ደቃቁ የኢንች ጥርስ) አለ፣ ጥንካሬውም አንደኛ ነው። ጭንቅላቱ ላይ ስድስት መስመር እንደ ፀሐይ ጨረር ወጥቷል፣ ግሬድ 8 ማለት ነው። ለስራ ለሚፈልገው ሰው እዚህ ላይ ጉዳዩ አልቋል፣ ሂዱና ግዙ። ለኔ ግን ያ ጨረር የአሜሪካ ነው፣ አባቴ በጣቱ ያገኘዋል።

አሁን ወደ ምናለሽ ተራ። የማያውቀው ካለ፣ መርካቶ ውስጥ ነው፣ ቆራሌው በየሰፈሩ «ቆራሌው!» እያለ የሰበሰበው ብረት፣ ጠርሙስ፣ ቆርቆሮ፣ በርሜል ሁሉ የሚራገፍበት። ከባሌስትራ መጥረቢያ ይቀጠቀጣል፣ ከበርሜል ምድጃ ይሰራል፣ ጫጫታው ጆሮ ያደነቁራል፣ ከሰው ጋር የምትነጋገሩት አፋችሁን ጆሮው ላይ አድርጋችሁ ነው። መኪና ይዛችሁ አትሂዱ፣ በቃ አትሂዱ።

እዛ ውስጥ ሰሌዳም ስምም የሌለው፣ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የማይሞላ ቤት አለ፣ ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው። ፊት ለፊታቸው አምስት የተቆረጡ በርሜሎች፣ በርሜሎቹ ውስጥ ብሎን። ናሙና አወጣሁና (ናሙና ሳትይዙ እንዳትሄዱ፣ ስልክ ላይ ያለ ፎቶ ናሙና አይደለም) «ጋሼ ይሄን የሚመስል አለዎት?» አልኳቸው። ተቀበሉኝ፣ አላዩትም፣ መጀመሪያ በአመልካች ጣታቸው ጭንቅላቱን ዳሰሱ፣ ልክ እንደ አባቴ። ከዛ ወደ ብርሃን አዞሩትና «እንግሊዝ ነው፣ ፊቱን እየው ልጄ» አሉኝ። ጭንቅላቱ መሀል ላይ ክብ ጎድጎድ ያለ ምልክት አለ፣ ሃምሳ ዓመት ግራሶ ሞልቶት እኔ አይቼው አላውቅም። አንዳንዱ ላይ ደግሞ ጎኑ ላይ እርስ በርሳቸው የተነካኩ ትንንሽ ክቦች አሉት። እነዚህ የእንግሊዝ ዩኒፋይድ ጥርስ ምልክቶች ናቸው፣ እንግሊዝ፣ አሜሪካና ካናዳ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጥርሳቸውን አንድ ሲያደርጉ የመጡ። ሽማግሌው ይሄን ታሪክ አላወሩኝም፣ እሳቸው ያሉኝ «ክብ ያለው ከክብ ጋር ይሄዳል፣ 8.8 የሚል የተጻፈበትን አትንካ» ብቻ ነው (8.8 የሚሊ ብሎን ምልክት ነው)፣ ሙሉ ካታሎጉ ይሄው ነው።

ከዛ በኋላ ሶስተኛውን በርሜል ላዬ ላይ ገለበጡት ማለት ይቻላል። መሬት ላይ ማዳበሪያ አነጠፉልኝና ቁጭ ብዬ ለቀምኩ። አራት ሰዓት ገብቼ ዘጠኝ ሰዓት ወጣሁ። የጥርስ መለኪያ (ያ እንደ ማራገቢያ የሚዘረጋው ባለ ብዙ ምላስ) ይዤ ነበር፣ እሳቸው እያዩኝ ይስቃሉ፣ ምክንያቱም እኔ አንዱን ለክቼ እስክጨርስ እሳቸው ዳዶ በጣታቸው ጠቅ አድርገው አዙረው አምስት ይወረውሩልኛል። አንዴ ብቻ ተሳሳቱ፣ እሱንም ራሳቸው አወቁት። 6 ኪሎ ለቀምኩ፣ በኪሎ 150 ብር፣ ሻይም ከሳቸው። የመስታወቱ ሱቅ 24 ፍሬ ከዚህ በላይ ነበር የከፈልኩት።

ዝገቱን አትፍሩት። ሶስት ቀን ናፍታ ውስጥ፣ ከዛ የሽቦ ብሩሽ፣ ጥርሱ ድፍን ከሆነ ንጹህ ዳዶ በዘይት ወዲያ ወዲህ ማድረግ። ደግሞ እነዚህ ትራክተሮች ፋብሪካ ሲወጡ ሞተሩና ትራንስሚሽኑ ከተገጣጠመ በኋላ ነው ግራጫው የተረጨበት፣ ብሎኑም አብሮ ይቀባል፣ ስለዚህ የሚያብረቀርቅ ነጭ ብሎን ጠግነው ያሳመሩት ማሲ ላይ ሳይ አሁን እንደ ወርቅ ጥርስ ነው የሚታየኝ።

ጉድለቱን ካልነገርኳችሁ ውሸታም እሆናለሁ። ደረሰኝ የለም። ዋስትና የለም። ከለቀምኩት ውስጥ ቤት ገብቼ ሳየው 11 ፍሬ አንገታቸው ቀጥኗል፣ ማለት ድሮ ከልክ በላይ ጠብቀው ተለጥጠዋል፣ ጥርሱ መሀል ላይ ቀጭን ወገብ ያወጣ ብሎን ካያችሁ ጣሉት። ደግሞ እባካችሁ ለመሪ፣ ለፍሬንና ለሞተር ቴስታ አሮጌ ብሎን እንዳትጠቀሙ፣ እነሱን አዲስ ግዙ፣ ዶዘር ዕቃ የሚሸጡት ጋር ሂዱ፣ ጨረሩ ቢታይም ይታይ። እኔም እንደዛ ነው ያደረግኩት፣ አባቴ አኮረፈ ግን ተቀበለው።

ያላገኘሁት ሁለት ነገር ነበር። አንዱ የላይኛው ክንድ ፒን፣ ቶርኖ ቤት አስቀርጬ ጨርሻለሁ፣ ጥሩ ሰሩት፣ ሌላ የምለው የለኝም። ሁለተኛው የኮፈኑ ፊት ላይ ያለችው የማሲ ምልክት፣ ሶስት ማዕዘኖቹ። አዲስ ኮፒው ከዱባይ ይመጣል አሉኝ፣ ፎቶውን አየሁት፣ ፕላስቲክ ነው፣ አልፈልግም። የተሰበረም ቢሆን ኦሪጅናሉ ያለው ሰው ካለ ይንገረኝ፣ በዋጋ አንጣላም።

ለምናለሽ ተራ ከአምስት አራት ተኩል። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ሂዱ፣ አሮጌ ልብስ፣ ጓንት፣ ማግኔት፣ ናሙና። ሽማግሌው ከበርበሬ ሻጮቹ አቅጣጫ ስትገቡ ነው ብዬ ላስረዳችሁ አልኩ ግን እኔ ራሴ ሁለተኛ ቀን ስሄድ ጠፍቶብኝ ጠይቄ ነው ያገኘኋቸው፣ «የብሎኑ ሽማግሌ» በሉ፣ ያሳዩዋችኋል።

ባለፈው ሳምንት ማሲው ተነስቷል፣ ጭሱ ጎረቤቱን ሁሉ አስወጣ። አባቴ አሁንም በየማታው እየዳሰሰ ይዞረዋል። ከእግር መርገጫው ስር፣ ከባትሪው ሳጥን ኋላ፣ አንድ ያቺ የተጎረጎረች ቀዳዳ ላይ 10 ሚሊ ብሎን ከትቼ ግራጫ ቀብቼባታለሁ። እስካሁን አላገኛትም።