ሞተር አስቀይራችሁ አልነሳ ካለ፣ ቄራ ያለውን ልጅ ሞክሩት

ስለ ጋራዥ አስተያየት ጽፌ አላውቅም። ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ታክሲ ስጋፋ ከርሜ መኪናዬን ያስነሳልኝን ልጅ ሳላመሰግን ባልፍ ግፍ ነው። ቦታው ቄራ አካባቢ ነው። ታፔላ የለውም። ሁለት መኪና ብቻ የሚያስገባ ጠባብ ግቢ፣ አንድ ወጣት ኤሌክትሪሺያን፣ አንድ ረዳት፣ አንድ የተሰነጣጠቀ ላፕቶፕ፣ በቃ።

መኪናዬ ከአውሮፓ የገባች የ2004 ኮሮላ ናት፣ ሞተሯ 1.6። ዘይት ትበላ ነበር፣ የዚያን ዘመን ዜድዜድ ሞተር የያዛችሁ ታውቁታላችሁ። ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ከምታስቀይሪ ያገለገለ ሞተር ይሻልሻል ተባልኩና ለሌላ ጋራዥ ሰጠኋት፤ ስሙን አልጠራም። ሞተሩ እሱን ከሚቆጣጠረው ኮምፒውተር ጋር መጣ። እነሱም «ሙሉ ዕቃ ነው፣ ዕድለኛ ነሽ» ብለው ኮምፒውተሩንም አብረው ቀየሩት።

ሞተሪኖው ያዞራል፣ ሞተሩ ይዞራል፣ አይነሳም። ካንዴላ ተቀየረ። የነዳጅ ፓምፕ ግዢ ተባልኩ፣ ገዛሁ። በመጨረሻ «የሪሞቱ ባትሪ ደክሞ ይሆናል» አሉኝ፣ እሱንም ቀየርኩ። በሩ ከሩቅ መከፈት ጀመረ። ሌላ ለውጥ የለም።

ቄራ ያስጎተትኳት ሲመረኝ ነው። ልጁ ኮፈኑን እንኳ አልከፈተም። ገብቶ ተቀመጠ፣ ቁልፉን ከፈተና ክሩስኮቱ ላይ ያለችውን ትንሽ ቀይ መብራት ዝም ብሎ ያያት ጀመር። «እህቴ፣ ይቺ መብራት ቁልፍ ሲከፈት መጥፋት ነበረባት። ይኸው ብልጭ ድርግም ትላለች። ሞተርሽ ጤነኛ ነው፣ ቁልፍሽን አላወቀውም።» ላፕቶፑን ሲሰካ ቢ2799 የሚል ኮድ ወጣ፤ የኢሞቢላይዘር ኮድ ነው፣ ቁልፉን ካላወቀ ሞተር እንዳይነሳ የሚያደርገው የሌባ መከላከያ ማለት ነው። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ያ ሁሉ ብር የወጣበት ፓምፕ ትዝ ሲለኝ እንዴት እንደተናደድኩ።

እሱ እንዳስረዳኝ ልንገራችሁ። ቁልፉ ፕላስቲክ ውስጥ ባትሪ የማትፈልግ ትንሽ ቺፕ አለች። ቁልፉ የሚገባበትን ቀዳዳ የከበበ የሽቦ ቀለበት ያነባትና ኮዱን ለኮምፒውተሩ ይልካል። ኮምፒውተሩ ካላወቀው ነዳጅና እሳት ይከለክላል፤ ሞተሪኖውን ግን በእኔ መኪና አይነካውም፣ ለዚህ ነው ሞተሩ እየዞረ የማይነሳው። ሪሞቱ የበር ጉዳይ ነው፣ እዚህ ምንም አያገባውም። የተገጠመልኝ ኮምፒውተር የሚያውቀው የሌላ ሰው ቁልፍ ነበር ማለት ነው። አውሮፓ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1998 መጨረሻ ጀምሮ አዲስ መኪና ያለ ኢሞቢላይዘር አይሸጥም፤ ከጃፓን የመጡ ብዙ የድሮ ቪትዞች ግን የላቸውም። ጎረቤቴ ቪትዙን ሞተር አስቀይሮ በማግስቱ ሲነዳ እኔ የቀናሁት በከንቱ ነው።

«የድሮው ኮምፒውተርሽ የት አለ?» አለኝ። ደወልኩ። ከአሮጌው ሞተር ጋር ሸጠውታል! ቢኖር ኖሮ ሞተሮቹ አንድ ዓይነት ስለሆኑ መልሶ ሰክቶት በአሥር ደቂቃ ያልቅ ነበር። ስለዚህ ሞተር የምታስቀይሩ ሰዎች፣ የድሮውን ኮምፒውተር በፌስታል ጠቅልላችሁ ቤት ይዛችሁ ግቡ፣ ለማንም አትስጡ።

ልጁ አዲሱን ኮምፒውተር ፈታው፣ ውስጡ ካለው ሰሌዳ ላይ ስምንት እግር ያላትን ሚሞሪ ነቅሎ የሌላውን ሰው የቁልፍ መረጃ አጠፋና መልሶ በየዳት። ከዚያ ቁልፎቼን ለመመዝገብ ተራ በተራ ያስገባል፣ መብራቷ እስክትጠፋ ይጠብቃል፣ ያወጣል። ኮሮላዋ በመጀመሪያው ሙከራ ተነሳች፤ እኔ አጨበጨብኩ፣ ረዳቱ ሳቀብኝ።

በጣም የወደድኩለት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ኮምፒውተሩን ከመንካቱ በፊት ሊብሬና መታወቂያ ጠየቀኝ። ለካ ይሄ ሥራ ሌባም የሚፈልገው ሥራ ነው። ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥር እንደማይገጥም አይቶም መንገድ ትራንስፖርት ሄጄ እንዳስተካክል የነገረኝ እሱ ነው፤ ሞተሩን የገጠሙት ሰዎች ትንፍሽ አላሉም።

ጉድለቱንም ልናገር። ማክሰኞ ውሰጂ ብሎኝ ሐሙስ ነው የጨረሰው። ስልክ አያነሳም። ደረሰኝ የለም። መቀመጫ የለም፣ ጎማ ላይ ነው የምትጠብቁት። ያስከፈለኝ 7,000 ብር ነው፤ ለማይረባኝ ፓምፕ ካወጣሁት ያንሳል።

አንድ ነገር ብቻ አጠፋሁ። «ያለሽን ቁልፍ ሁሉ አምጪ፣ ያልመጣ አይመዘገብም» ብሎኝ ነበር። ሦስተኛውን ባለቤቴ ክፍለ ሀገር ይዞት ሄዶ ስለነበር ሁለቱን ብቻ አስመዘገብኩ። አሁን ሦስተኛው ቁልፍ በር ይከፍታል፣ ሞተር አያስነሳም። መኪና ለሚያጥበው ልጅ የምሰጠው እሱን ነው።