ዲናሞው «ተቃጥሏል» ሲሏችሁ ቶሎ አትመኑ

ባሕር ዳር መኪና የምትነዱ፣ በተለይ የቆየ ኮሮላ ወይም ቪትዝ ያላችሁ፣ ይህችን አንብቧት። ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን ለሚሞላው ዲናሞ 14,500 ብር ከፍዬ በ23ኛው ቀን ልጆቼን ይዤ መንገድ ላይ ቀርቻለሁ። እናንተም ላይ እንዳይደርስ ነው የምጽፈው።

ነገሩ የጀመረው መጋቢት ላይ ነው። ከገበያ ስመለስ፣ አዲሱን የዓባይ ድልድይ እንደተሻገርኩ፣ ቀዩዋ የባትሪ ምልክት በራች። ጠፋች። ደግሞ በራች። በማግስቱ ከተማ ውስጥ ወዳለ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ልጁ ኮፈኑን ከፈተና ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ነቀለው። መኪናዋ ድርግም አለች። «አየሽ እህቴ? ዲናሞው ተቃጥሏል። ይሄ አይጠገንም፤ መቀየር ነው ያለብሽ» አለኝ።

አልፈታውም። በቴስተር አልለካውም። ዓይኔ እያየ ስለጠፋች ግን አመንኩት። ያ ሙከራ ዲናሞው ባትሪውን በደንብ እየሞላ አለመሆኑን ሊያሳይ ይችላል፤ ምኑ እንደተበላሸ ግን አይናገርም። ይባስ ብሎ በዲናሞው ውስጥ ያለውን ደህናውን ዳዮድና የመኪናዋን ኮምፒውተር ሊያቃጥል ይችላል። ሞተር እየሠራ የባትሪ ገመድ ሊነቅል እጁን የሚሰድ ካያችሁ አስቁሙት።

«ከዱባይ የመጣ ያገለገለ ኦሪጅናል» ብሎ አንድ የሚያብረቀርቅ ዲናሞ አመጣ። 16,000 አለ፤ በ14,500 ተስማማን። ደረሰኝ ስጠይቀው «ዋሱ እኔ ነኝ፤ ችግር ካለ አምጪው» አለ። የእኔን ዲናሞ ጥግ ላይ ወረወረው። ምን ያደርግልኛል ብዬ ትቼው ወጣሁ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ጉዱ የወጣው እናቴን ልጠይቅ ወደ ጎንደር ስሄድ ነው። ሐሙሲትን አልፈናል፤ ፀሐይ እየጠለቀች ነው። መብራት ሳበራ ብርሃኑ ቢጫ ሆኖ ከፊቴ ጥቂት እርምጃ አልሄድ አለ። ሬዲዮው ተዘጋ። ወረታ ልንገባ ስንል፣ ፎገራ ሜዳ ላይ፣ መኪናዋ ጭጭ አለች። የትንሿ ልጄ ለቅሶ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ሁለት የባጃጅ ልጆች፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ገፍተው አንድ የመኪና ኤሌክትሪሻን ደጅ አደረሱን።

ጋሼ ዲናሞውን ፈትተው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። ጎኑን በካቻቢቴ ጫፍ ፋቅ ሲያደርጉት ብርማው ቀለም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳ። ከሥሩ ጥቁር ቅባትና ዝገት ነው። «ይሄን ማን ሸጠልሽ ልጄ?» አሉኝ። ከዚያ ከፈቱትና ሁለቱን ካርቦኖች፣ ለሚሽከረከረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብሉትን ጥቁር ቁራጮች፣ አሳዩኝ። አንደኛው ከመያዣው ብቅ ያለው የጥፍር ውፍረት ያህል ብቻ ነው። አዲሱን ከመሳቢያ አውጥተው አጠገቡ ሲያደርጉት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይወጣል። ብዙ የኮሮላ ዲናሞ ላይ አዲስ ካርቦን 10.5 ሚሊ ሜትር ይወጣል፤ 1.5 ሲደርስ ይቀየራል። ብርሃን የሚሰጠንና ባትሪ የሚሞላልን ነገር በዚህች ጥቁር ቁራጭ ነው የተንጠለጠለው።

ካርቦኑንና ኩሽኔታውን ቀየሩ። ካርቦኑ የሚታከክበትን የመዳብ ቀለበት በብርጭቆ ወረቀት አሹት። ሁሉም ተጨምሮ 1,800 ብር። ይኸው አራተኛ ወሩን ይዟል። «አይጠገንም» ከተባልኩ በኋላ የገዛሁት ራሱ የሚጠገን ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። የእኔም ዲናሞ ምልክቱ፣ መብራቷ ብልጭ ድርግም ማለቷ፣ ያለቀ ካርቦን ምልክት ሊሆን ይችል ነበር።

ወደ ጋራዡ ተመልሼ ዲናሞዬን ጠየቅኩ። «እሱማ ውዳቂ ነው፤ ለቆራሌው ሰጠነው» አሉኝ። ምን ማስረጃ አለኝ? በ2006 የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 813፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። እኔ 23 ቀን አልፎኛል፤ ደረሰኝም የለኝ። ስለዚህ ዕቃ የገዛችሁ ዕለት ደረሰኝ ተቀበሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥም ሌላ ባለሙያ ይይላችሁ።

ቀዩዋ መብራት ስትበራ መጀመሪያ ቺንጊያው መላላቱን፣ የባትሪው ማሰሪያ ላይ ነጭ ዱቄት መያዙን እዩ። ከዚያ በቴስተር አስለኩ። ሞተሩ ጠፍቶ ደህና ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ነው፤ ሞተሩ ሲነሳ ከ13.5 እስከ 14.5 መድረስ አለበት። ካልደረሰ ይፈታ፣ እናንተው ፊት ይከፈት። ካርቦን፣ ሬጉሌተር (ቮልቱን የሚቆጣጠረው)፣ ኩሽኔታ ከሆነ አስጠግኑ። ጥምጥም ሽቦው ጠቁሮ የመቃጠል ሽታ ካለው፣ ቀለበቱ ተቦርቡሮ ካለቀ ወይም አካሉ ከተሰነጠቀ ግን መቀየሩ ይሻላል፤ እዚያ ላይ በጥገና ገንዘብ አትጨርሱ። ያገለገለ ከገዛችሁም ከመገጠሙ በፊት አስከፍቱት። ቀለም የተቀባ ከሆነ ለምን እንደተቀባ ጠይቁ።

የተፈታውን ዲናሞ ደግሞ ይዛችሁ ውጡ። ቅባት አለው፣ ይከብዳል፣ ልብስ ያበላሻል። እኔ ለዚሁ ብዬ የኋላ ኮፈን ውስጥ ባዶ ማዳበሪያ አስቀምጫለሁ።